«ወንጌል ተሰብኮልሻል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «መምህር፣ የምጽፍልዎ ከደብረ ማርቆስ ነው። በመሥሪያ ቤታችን የወንጌላውያን አማኝ የሆነች ባልደረባ አለችኝ። ባለፈው ‹ወንጌል ተሰብኮልሻል ወይ?› አለችኝ። ‹በየእሑዱ ቆሜ እሰማለሁ› አልኋት። ‹እሱን አይደለም የምልሽ› ስትለኝ የምመልሰው ጠፋኝና ዝም አልሁ። ወንጌል አራቱ መጻሕፍት ካልሆነ ምንድን ነው? ንስሐው፣ ጾሙ፣ ትእዛዙስ ከወንጌል ውስጥ ነው ወይስ ከውጭ? ለልጆቼስ ባጭሩ እንዴት ልንገራቸው? እናቴ ደግሞ ፊደል አልቆጠረችም፤ ወንጌልን አታውቅም ማለት ነው?»

ምላሽ፦

እኅታችን፣ ባልደረባዎ የጠየቀችዎ ደግ ጥያቄ ነው፤ የእርስዎም መልስ ስሕተት የለበትም። ያልተገናኛችሁት አንዱን ቃል በሁለት አገባብ ይዛችሁት ነው። እርስዎ «ወንጌል» ሲባል መጽሐፉን አሰቡ፤ እርሷ መልእክቱን። ቃሉ ሁለቱንም ይይዛል። ሆኖም መልእክትነቱ ይቀድማል፤ መጽሐፉ ስሙን ያገኘው ከመልእክቱ ነው። በጰራቅሊጦስ ዕለት ቅዱስ ጴጥሮስ በኢየሩሳሌም ቆሞ ወንጌልን ሲሰብክ ከአራቱ መጻሕፍት አንዱም አልተጻፈም ነበር። ስለዚህ ከቃሉ እንነሣ።

ወንጌል ከግሪኩ «ኤዋንጌሊዮን» ወደ ግእዝ የገባ ነው። «ኤው» መልካም፣ «አንጌሊያ» ዜና ማለት ነው፤ መልአክ የምንለውም በግሪኩ «አንጌሎስ»፣ መልእክተኛ ነው። ግእዙ የራሱ ቃል አለው፦ ብሥራት። ዕብራይስጡ «በሶራ» ይለዋል፤ ከብሥራት ጋር አንድ ሥር ነው። አማርኛችን ደግሞ ምሥራች አለ።

አገራችን ላይ አንድ ሰው «የምሥራች!» እያለ ከደጅ ሲገባ ከቤት ያለው «ምሥር ብላ!» ብሎ ይቀበለዋል። እንግዲህ ይህን ሰው ልብ ብለው ያስቡት። ምን ይዞ ነው የሚመጣው? ልጅ ተወልዷል፣ የታመመው ድኗል፣ የጠፋው በሬ ተገኝቷል። ምክር ይዞ የመጣ ሰው «የምሥራች» አይልም። ይሆናል ብሎ የሚመኘውን ነገር ይዞም አይልም። ቤተኛው ገና ሳይሰማ ነገሩ ተፈጽሟል፤ ቤተኛው በነገሩ ላይ የሚጨምረው የለም፤ መስማት፣ ማመን፣ እልል ማለት፣ ከዚያም ተነሥቶ አራሷን ወደ መጠየቅ መሄድ ነው የሚቀረው። ወንጌል የሚለው ቃል ባሕርይ ይኸው ነው። ከዚህ በታች የምጽፍልዎ ሁሉ ከዚህ የሚወጣ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስም ቃሉን በዚሁ መልክ ነው የሚያውቀው። በ2ኛ ሳሙኤል 18 ዳዊት በከተማው በር ተቀምጦ ሳለ ዘበኛው ብቻውን የሚሮጥ ሰው ያያል፤ ንጉሡም ብቻውን ከሆነ ወሬ ይዟል ይላል። ውጊያው ከዚያ ቀድሞ አብቅቷል፤ ሯጩ የሚያመጣው ያለቀውን ነገር ነው። ኢሳይያስ በ52፥7 በተራሮች ላይ የምሥራች ነጋሪው እግር እጅግ ያማረ ነው ሲል ያን ሯጭ እያሰበ ነው፤ የሯጩም ቃል «አምላክሽ ነገሠ» የሚል ነው። ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን የሚያወጣውን መንገድ በእግሩ የሚያውቅ ሰው ይህን ጥቅስ ለማስተዋል ትርጓሜ አያስፈልገውም። ሮማውያንም ቃሉን ለነገሥታቶቻቸው ይጠቀሙበት ነበር። በዛሬዋ ቱርክ፣ ፕሪየኔ በተባለች ጥንታዊ ከተማ የተገኘ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከክርስቶስ ልደት 9 ዓመት በፊት የተጻፈ የድንጋይ ጽሑፍ የአውግስጦስ ቄሣርን የልደት ቀን ለዓለም የምሥራች መጀመሪያ ያደርገዋል። ቅዱስ ማርቆስ መጽሐፉን «የእግዚአብሔር ልጅ የኢየሱስ ክርስቶስ የወንጌል መጀመሪያ» ብሎ ሲከፍት በዚያ ዘመን ለሚሰማው ሰው ከባድ ቃል ነበር፤ ንጉሡ ሌላ ነው፣ ልደቱም ሌላ ነው እንደ ማለት ነው።

ጎጃም የቅኔ አገር ስለሆነ በግሥ ላስረዳዎ። ዋሸራም ይሁን ጎንጅ፣ ዲማም ይሁን ደብረ ኤልያስ፣ ተማሪው ግሥ ሲያወርድ «ቀደሰ አመሰገነ፣ ይቄድስ ያመሰግናል፣ ይቀድስ ያመሰግን ዘንድ፣ ይቀድስ ያመስግን» ይላል። ኃላፊ፣ ማለት የሆነውን የሚናገር፤ ትንቢት፣ የሚሆነውን የሚናገር፤ ከዚያ ዘንድና ትእዛዝ። ወንጌል መነሻው ኃላፊው ነው። ትእዛዙ አለ፣ እውነተኛም ነው፣ ግን ኃላፊውን ተከትሎ ይመጣል። ብዙ ሰው ወንጌል ሲሰማ ተግሣጽ ብቻ የሚሰማው ይህ ቅደም ተከተል ስለሚገለበጥበት ነው።

ጌታ ራሱ በገሊላ ስብከቱን ሲጀምር፣ በማርቆስ 1፥15፣ አራት ግሥ ተናገረ፦ «ዘመኑ ተፈጸመ፣ የእግዚአብሔርም መንግሥት ቀርባለች፤ ንስሐ ግቡ፣ በወንጌልም እመኑ»። ሁለቱ የሆነውን ይነግራሉ፤ ሁለቱ ያዝዛሉ። ንስሐ የምንገባው መንግሥቱ እንዲቀርብ አይደለም፤ ስለቀረበ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም በ1ኛ ቆሮንቶስ 15 ላይ «የሰበክሁላችሁ ወንጌል» ብሎ የሚዘረዝረው ክርስቶስ ስለ ኃጢአታችን ሞተ፣ ተቀበረ፣ በሦስተኛው ቀን ተነሣ፣ ለኬፋ (ለጴጥሮስ) ታየ፣ በኋላም ለአሥራ ሁለቱ የሚለውን ነው። ሞተ፣ ተቀበረ፣ ተነሣ፣ ታየ። ሁለት ጊዜ ደግሞ «መጽሐፍ እንደሚል» ይጨምራል፤ ነገሩ በብሉይ ኪዳን የታሰበ ነውና። ይህን የጻፈው ከጌታ ዕርገት 20 ዓመት ገደማ በኋላ ሲሆን፣ ያን ጊዜም ቢሆን «የተቀበልሁትን አሳልፌ ሰጠኋችሁ» ነው የሚለው፤ እጅ በእጅ የመጣ እንጂ ከራሱ ያወጣው አይደለም።

አሁን እርስዎ በየእሑዱ የሚሉትን ጸሎተ ሃይማኖት በዚህ ዐይን ይዩት። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ325 በኒቅያ 318ቱ፣ በ381 በቍስጥንጥንያ 150ው ሊቃውንት የወሰኑት ነው። ስለ እኛ ከሰማይ ወረደ፣ ሰው ሆነ፣ ተሰቀለ፣ ሞተ፣ ተቀበረ፣ ተነሣ፣ ዐረገ፤ ዳግመኛም ይመጣል። በኃላፊ ሄዶ፣ ሄዶ፣ በትንቢት ያርፋል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው «አድርጉ» የሚል አንድ ቃል የለበትም። ስለዚህ ባልደረባዎን «ተሰብኮልኛል» ቢሏት እውነት ነው፤ የተሰበከውን ሰምቼዋለሁ ወይ የሚለውን ግን እያንዳንዳችን ለራሳችን መመለስ አለብን።

ስለ መጻሕፍቱ። ከጥንት ጀምሮ በግሪኩ ራስጌ ላይ የተጻፈው «ማቴዎስ እንደ ተናገረው»፣ «ማርቆስ እንደ ተናገረው» የሚል ነው። አማርኛው «የማቴዎስ ወንጌል» ሲል «የ» ባለቤትነት ያስመስለዋል፤ አራት ወንጌል ያለን ይመስላል። ወንጌሉ አንድ ነው፤ ነጋሪዎቹ አራት ናቸው። ምዕራፎቻቸው 28፣ 16፣ 24 እና 21፣ በድምሩ 89 ነው። አራቱን በገጸ ሰብእ፣ በገጸ አንበሳ፣ በገጸ ላህም፣ በገጸ ንስር፣ ማለት በሰው፣ በአንበሳ፣ በላም፣ በንስር መልክ፣ የምንመስላቸውም ያንኑ አንድ ክርስቶስን ከአራት ወገን ስለሚያሳዩን ነው። የሚገርመው የዮሐንስ መጽሐፍ በግሪኩ «ኤዋንጌሊዮን» የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አይጠቀምም፤ ሉቃስም በወንጌሉ ግሡን እንጂ ስሙን አይጠቀምም። ቃሉ በሐዲስ ኪዳን 76 ጊዜ ሲመጣ 60ው በጳውሎስ መልእክታት ነው። ስለዚህ «ወንጌል» የሚለው ቃል ያልተጻፈበት ገጽ ሁሉ ወንጌል የለበትም ማለት አይደለም፤ ነገሩ ካለ ወንጌል አለ። ተቃራኒውም እውነት ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1945 በግብፅ ናግ ሐማዲ የተገኘው «የቶማስ ወንጌል» የተባለው ጽሑፍ 114 ንግግሮችን ይዟል፤ ሞቱም ትንሣኤውም ግን አልተተረከበትም። ስሙ ወንጌል ነው፤ ምሥራቹ ግን የለበትም።

የቅዳሴው ሥርዓት ይህን ሁሉ ያውቃል። በመጀመሪያ ዲያቆኑ ከጳውሎስ መልእክት ያነባል፣ ንፍቅ ዲያቆኑ ከሌሎቹ ሐዋርያት መልእክት፣ ንፍቅ ካህኑ ከግብረ ሐዋርያት። ከዚያ ከዳዊት ሦስት ስንኝ ምስባክ ይዜማል። ከዚያ በኋላ ነው ወንጌሉ በመብራት ታጅቦ የሚወጣውና ካህኑ የሚያነበው። ዲያቆኑ በዚያን ጊዜ የሚለውን ያስተውሉ፦ «ቁሙ ወአጽምዑ ወንጌለ ቅዱሰ፣ ዜናሁ ለእግዚእነ ወመድኃኒነ ኢየሱስ ክርስቶስ»። ወንጌልን ወዲያው በአንድ ቃል ይፈታዋል፦ ዜናሁ። የጌታችን ዜና። አዳምጡ ነው የሚለን፤ ቆመን የምንሰማውም ዜና ነጋሪ ሲመጣ ተቀምጦ መጠበቅ ስለማይገባ ነው። ወንጌሉ ካለቀ በኋላ ደግሞ ዲያቆኑ ንኡሰ ክርስቲያንን፣ ማለት ገና ያልተጠመቁትን፣ «ፃኡ» ብሎ ያሰናብታል። ዜናው ለሁሉ ይነበባል፤ ቁርባኑ ዜናውን ሰምተው አምነው ለተጠመቁት ነው። ይህ ቅደም ተከተል ቀድመን ካነሣነው የማርቆስ 1፥15 ቅደም ተከተል ጋር አንድ መሆኑን ያያሉ።

ለሁለተኛው ጥያቄዎ መልሱ እዚህ ላይ ይመጣል፤ ንስሐው፣ ጾሙ፣ ትእዛዙ የት ይገባል? ከወንጌሉ ውጭ አይደለም፤ ከዜናው የሚወለድ ነው። ዐሠርቱ ትእዛዛት እንኳ በዘጸአት 20 የሚጀምሩት «አታድርግ» ብለው አይደለም። በቁጥር 2 ላይ «ከግብፅ ምድር ከባርነት ቤት ያወጣሁህ እግዚአብሔር አምላክህ እኔ ነኝ» ይቀድማል። እስራኤል ሕጉን የተቀበሉት ከግብፅ ከወጡ በኋላ ነው፤ ሕጉን ስለጠበቁ አልወጡም። በሐዋርያት ሥራ 2 ላይም ጴጥሮስ ከቁጥር 14 እስከ 36 ሲናገር «ስሙ» እና «ይወቅ» ከማለት በቀር ሕዝቡ ይህን ይሥሩ አላለም። የሆነውን ነገራቸው። ልባቸው ተነክቶ «ምን እናድርግ?» ያሉት እነርሱ ናቸው። ያኔ «ንስሐ ግቡ፣ ተጠመቁም» አላቸው፤ 3,000 ያህል ነፍስ ተጨመረ፤ በሐዋርያትም ትምህርት፣ በኅብረት፣ እንጀራውን በመቍረስና በጸሎት ይተጉ ነበር። «ምን እናድርግ?» የሚለው ጥያቄ ከሰሚው ሲወጣ ወንጌሉ ገብቷል ማለት ነው። ሰባኪው ሰሚው ሳይጠይቀው መልሱን አስቀድሞ ሲያዥጎደጉድ ግን ሰሚው ሸክም ብቻ ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

የኤፌሶን መልእክትን አንድ ቀን እርሳስ ይዘው ቢያነቡት ይጠቅምዎታል። ምዕራፎቹ 6 ናቸው። በመጀመሪያዎቹ 3 ውስጥ ያለው ትእዛዝ አንድ ብቻ ነው፣ እርሱም በ2፥11 «አስቡ» የሚል ነው። ከ4፥1 ጀምሮ «እንግዲህ» ይልና ትእዛዙ ይከታተላል፦ ታገሡ፣ ውሸትን አስወግዱ፣ የሰረቀ አይስረቅ፣ ባሎች ሚስቶቻችሁን ውደዱ። በሮሜም 12፥1 ላይ ያው «እንግዲህ» አለ። ያን «እንግዲህ» ቆርጦ ትእዛዙን ብቻ የሚያስተምር ሰው ሥር የሌለው ዛፍ ተክሎ ፍሬ ይጠብቃል፤ «እንግዲህ» ላይ ደርሶ የሚያቆም ደግሞ ሥሩን ውኃ እያጠጣ ፍሬውን አልፈልግም ይላል።

የዐቢይ ጾማችን የእሑድ ስያሜም ይህንኑ ይጠብቃል፤ ይህን ብዙ ሰው ሳያስተውለው ያልፋል። የመጀመሪያው እሑድ ጾም ሊያዝ ነውና «ጹሙ» የሚል ይመስለናል። ስሙ ግን ዘወረደ ነው፦ የወረደው። ወንጌሉም ከዮሐንስ 3 ነው፣ ከሰማይ ከወረደው በቀር ወደ ሰማይ የወጣ የለም የሚለው። ስለ ጾም አጿጿም የሚናገረው ማቴዎስ 6 የሚነበበው በሁለተኛው እሑድ፣ በቅድስት ነው። አስቀድሞ የእርሱ መውረድ፣ ቀጥሎ የእኛ መጾም።

አሁን ዜናው ራሱ ምን ምን አለበት? የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አምስቱን አዕማደ ምሥጢር በቃላቸው ያውቋቸዋል፤ ወንጌሉን በቅጡ የያዘ ሰው በአምስቱም ያገኘዋል። ሥላሴ፦ የላከው ማን ነው፣ የመጣውስ ማን ነው። ሥጋዌ፦ እንዴት መጣ፣ ሥጋ ለብሶ ሰው ሆኖ። ጥምቀት፦ ከእርሱ ጋር ሞተን ተነሥተን ልጅነትን የምናገኝበት። ቁርባን፦ ሥጋውንና ደሙን ተቀብለን ሕይወቱን የምንካፈልበት። ትንሣኤ ሙታን፦ ነገሩ የት እንደሚያበቃ። ከአምስቱ ሥጋዌን ቢያወጡት አንድ ደግ ሰው በግፍ ተገደለ የሚል ያሳዝናል እንጂ የማያድን ወሬ ይቀራል። ማን እንደ ሞተ ካልታወቀ ሞቱ ምን እንዳደረገ አይታወቅም።

ሲነገር የሚሰበርበት ቦታም ብዙ ጊዜ ያው ነው። አንዱ ከፊት መቁረጥ ነው፦ አዳምን፣ የአብርሃምን ተስፋ፣ የፋሲካውን በግ ሳይናገሩ ከመስቀሉ መጀመር። ሰሚው «ለምን መሞት አስፈለገው?» ብሎ ይቀራል። እዚህ ላይ ቅኔ ለሰማ ሰው ጥሩ መያዣ አለ። በዘኍልቍ 21 ሙሴ በምድረ በዳ የሰቀለው የናስ እባብ እንደ ሰም ነው፤ ወርቁን ጌታ ራሱ በዮሐንስ 3፥14 አወጣው፦ የሰው ልጅ ይሰቀል ዘንድ ይገባዋል። ልዩነቱ እዚህ ሰሙም የእውነት የሆነ መሆኑ ነው፤ ያዩት ከእባቡ መርዝ በእውነት ድነዋል። ሁለተኛው ስብራት ከኋላ መቁረጥ ነው፦ ዓርብ ላይ ቆሞ ትንሣኤውን እንደ ማጠናቀቂያ ማየት። ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 15፥17 ክርስቶስ ካልተነሣ እምነታችሁ ከንቱ ናት፣ እስከ አሁንም በኃጢአታችሁ አላችሁ ይላል። የስቅለቱን ስግደት በእንባ ሰግዶ የትንሣኤውን ሌሊት ለምግቡ ብቻ የሚጠብቅ ሰው ግማሹን ዜና ነው የሰማው።

ሦስተኛው፣ በአሁኑ ጊዜ እጅግ የሚያሳዝነኝ፣ በዜናው ስም ሌላ ነገር መነገሩ ነው። ይህን ያህል ብትሰጥ ይህን ያህል ትቀበላለህ የሚል፣ በሽታና ድህነት ያለበትን ሰው እምነት የለህም ብሎ የሚያሸማቅቅ ስብከት አለ። በስልካችንም «ይህን መልእክት ለ10 ሰው ካላስተላለፍሽ መቅሠፍት ይመጣብሻል» የሚል ይደርሰናል፤ ሥዕለ አድኅኖ ተለጥፎበት ሊሆን ይችላል። መለኪያው ቀላል ነው፦ የተፈጸመ ነገር ይነግረኛል ወይስ ያስፈራራኛል? ማእከሉ ክርስቶስ ያደረገው ነው ወይስ እኔ የማደርገው? ጳውሎስ በገላትያ 1፥8 ከሰማይ መልአክ ቢመጣ እንኳ ከሰበክነው የተለየ ወንጌል ቢሰብክ የተረገመ ይሁን አለ። ስለዚህ ያስተላለፈልን ሰው መወደድ መልእክቱን ወንጌል አያደርገውም። እንዲህ ያለውን መልእክት ሳያስተላልፉ ያጥፉት።

ከባልደረባዎ ጋር የምትስማሙበት ብዙ ነው፤ በመጀመሪያ ያንን ይንገሯት። ክርስቶስ ስለ ኃጢአታችን እንደ ሞተና እንደ ተነሣ፣ መዳን በእርሱ ጸጋ እንጂ በእኛ ሥራ ዋጋ እንዳልተገዛ አብራችሁ ትላላችሁ። የምትለያዩት በአብዛኛው ዜናውን ሰምቶ የሚያምን ሰው በምን ይቀበለዋል በሚለው ላይ ነው። በእነርሱ ዘንድ አንድ ሰው ያመነበት ቅጽበት ትልቅ ቦታ አለው፤ «ተሰብኮልሻል?» የሚለው አጠያየቅም ከዚያ ይመጣል። በእኛ ዘንድ እምነቱ በጥምቀት ይወለዳል፣ በቁርባን ይመገባል፣ በንስሐ ይታደሳል፣ ዕድሜ ልክ ያድጋል፤ ዮሐንስ 3፥5ን እና 6፥54ን እንዲህ እንረዳቸዋለን። በክርክር መልክ ሳይሆን እንዲህ ብትነጋገሩ ወዳጅነታችሁም ይጸናል።

ወደ ልጆቹ ልምጣ። ረጅም ትምህርት አያስፈልግም። በየቀኑ ከሚጽፉት ይጀምሩ። ደብተራቸው ራስጌ ላይ ቀን ሲጽፉ «ዓ.ም.» ይላሉ። ምን ማለት እንደሆነ ይጠይቋቸው። ዓመተ ምሕረት ነው። በአባቶቻችን የዘመን ቁጥር ከአዳም እስከ ክርስቶስ ያለው 5500 ዘመን ዓመተ ፍዳ ይባላል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ዓመተ ምሕረት። ስለዚህ ልጁ ቀን በጻፈ ቁጥር «ክርስቶስ ከመጣ ወዲህ ያለነው በምሕረት ዘመን ነው» ብሎ እየጻፈ ነው። ሒሳብ የሚወድ ልጅ ካለ ይህን ይስጡት፦ በዓመቱ ላይ 5500 ይደምር፣ ለ4 ያካፍል። 1 ቢተርፍ ዘመነ ማቴዎስ፣ 2 ቢተርፍ ማርቆስ፣ 3 ቢተርፍ ሉቃስ፣ ምንም ባይተርፍ ዮሐንስ። 2018 ሲደመር 5500፣ 7518 ይሆናል፤ ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል፤ ማርቆስ ነው፣ ከተማችሁ የተሰየመችበት ወንጌላዊ። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ትሆናለች።

ሁለተኛው ሥዕል ነው። ዕድል ሲገኝ ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት፣ አለዚያ በቅርባችሁ ባለ ሥዕል ባለበት ቤተ ክርስቲያን ይውሰዷቸው። በስቅለቱ ሥዕል ከመስቀሉ ግርጌ ብዙ ጊዜ የራስ ቅል ይሳላል። የአዳም ነው፤ ጎልጎታ ማለትም የራስ ቅል ስፍራ ማለት ነው። ደሙ ወደዚያ ሲወርድ ያሳዩአቸው። ከዚያ የትንሣኤውን ሥዕል ይፈልጉ፤ ክርስቶስ አዳምንና ሔዋንን ከሲኦል ሲያወጣቸው። ልጁ ከሁለቱ ሥዕሎች መካከል ራሱ ታሪኩን ይገጥመዋል። አይቸኩሉበት፣ ቀድመው አይንገሩት፤ «ይህ አጥንት የማን ይመስልሃል?» ብለው ይጠይቁትና ይጠብቁ።

ሦስተኛው በቃል የሚያዝ ነው፤ ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ በቤተ ክርስቲያን ካህኑ የሚለውና ሕዝቡ የሚመልሰው፦ ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን፤ በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን። አሠሮ ለሰይጣን፤ አግዐዞ ለአዳም። ሰላም፤ እምይእዜሰ። ኮነ፤ ፍሥሐ ወሰላም። ግሦቹን ይቍጠሩ፦ ተነሣ፣ ሰይጣንን አሠረው፣ አዳምን ነጻ አወጣው፣ ደስታና ሰላም ሆነ። አራቱም ኃላፊ ናቸው። «አግዐዘ» ነጻ አወጣ ማለት እንደሆነ ለልጆቹ ይንገሯቸው። እርስዎ የካህኑን፣ ልጆቹ የሕዝቡን ተቀባብላችሁ ከምሳ በፊት ብትሉት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ስለ ንባብ ደግሞ በማርቆስ ይጀምሩ፤ አጭሩ ነው፣ ሙሉውን ድምፅ እያሰሙ ቢያነቡት ወደ ሁለት ሰዓት ይወስዳል፤ በአንድ ምሽት አንድ ምዕራፍ ከሆነ ግን 16 ምሽት። የእሑዱን ምንባብ ቅዳሜ ማታ ከግጻዌ፣ የየዕለቱን ምንባብ ከሚያመለክተው መጽሐፍ፣ አውጥቶ ቀድሞ ማንበብም እጅግ ይረዳል፤ በማግሥቱ በግእዝ ሲነበብ ጆሮ ያውቀዋል። ሲያነቡ ከሁሉ በፊት «ምን ላድርግ?» ብለው አይጠይቁ። «እዚህ ላይ ጌታ ምን አደረገ?» ብለው ይጀምሩ፤ ያኛው ጥያቄ ሳይጠሩት ይመጣል።

እናትዎ ጉዳይ ላይ ልቤ ይቆማል። ፊደል አለመቍጠር ወንጌልን አለማወቅ አይደለም። ወንጌል በመጀመሪያ በጆሮ የገባ ነገር ነው፤ እነዚያ 3,000ዎቹ ቆመው የሰሙ እንጂ ያነበቡ አልነበሩም። ማወቃቸውን ማየት ከፈለጉ እንደ ፈተና ሳይሆን እንደ ልጅ ይጠይቋቸው፦ «እማየ፣ በስቅለት ያን ሁሉ የምትሰግጅው ለምንድን ነው?» እናቶቻችን ለዚህ የሚሰጡት መልስ ብዙ ጊዜ «ለኛ ብሎ ተንገላቶ» የሚል ነው። ቃሉን ይመርምሩት፦ ለኛ ብሎ። ማን እንደሆነ፣ ምን እንደሆነበት፣ ለማን እንደሆነ በሦስት ቃል አለ። የጎደለ ካለ፣ ምናልባት ሰይጣንን መፍራት ከትንሣኤው ደስታ በልጦባቸው እንደሆነ፣ በስብከት ሳይሆን በንባብ ይሙሉላቸው። ማርቆስ 14ን አንድ ምሽት፣ 15ን በማግሥቱ፣ 16ን በሦስተኛው፣ ቡናው ሲፈላ ድምፅዎን ከፍ አድርገው ያንብቡላቸው። በመካከል ሲያቋርጡዎ አይከልክሏቸው፤ ከሚያውቁት እየጨመሩ ይሆናል፤ ልጆቹም አጠገባቸው ይቀመጡ።